የቀበናና የግንፍሌ ወንዝ ነፍሳት ባርኮድ፦ ባንዱ የጠፋው የት ላይ ነው?

የቀበና ልጅ

ሰላም ለቤቱ። የ48 ናሙና የዲኤንኤ ባርኮድ ጉዳይ ነው (ዝርያ የሚለይ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፤ ለእንስሳት ሲኦአይ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል)፤ ሁሉም ከቀበናና ከግንፍሌ በመረብ የተያዙ የውሃ ነፍሳት እጮች ናቸው። አብዛኞቹ ቀያዮቹ የካይሮኖሚድ ትሎች፣ የቀሩት ሜይፍላይና ጥቂት የጥቁር ዝንብ እጭ። አሠራሩ ይኸውላችሁ፦ ሙሉው ትል በ200 ማይክሮሊትር 10 በመቶ ቼሌክስ (ማዕድን የሚይዝ የሙጫ ፍሬ) ውስጥ፣ 5 ማይክሮሊትር ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም)፣ 56 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ዋተር ባዝ (የሞቀ ውሃ ገንዳ) 95 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ 10 ደቂቃ። ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን የሚያባዛው ሥራ) 25 ማይክሮሊትር፣ ከላይ ከጠራው ፈሳሽ 2 ማይክሮሊትር፣ የሚባዛውን ቁራጭ ጫፎች የሚይዙት የፎልመር ፕራይመሮች (ኤልሲኦ 1490 እና ኤችሲኦ 2198)፣ አኒሊንግ (ፕራይመሩ የሚጣበቅበት ሙቀት) 50 ዲግሪ፣ 35 ዙር።

ምርቱ በመጠን ተለይቶ በሚታይበት ጄል ላይ 17ቱ ጥርት ያለ ባንድ አላቸው፣ 9ኙ የደበዘዘ፣ 22ቱ ባዶ። ፖዘቲቩ (እንደሚሠራ የታወቀው ዲኤንኤ) ደህና ነው። የከፋው ነገር ኔጋቲቩም (ባዶ መሆን ያለበት ቱቦ) ላይ 700 ፊደል አካባቢ ስስ ባንድ አለ። ከየት ልጀምር?

ሠላሳ አምስት ዙር

ዙሩን 45 አድርገው፣ አኒሊንጉን 42 አውርደው። ደካሞቹ ይወጣሉ።

ጋሽ ሌንስ

ይቺን ምክር እለፋት፣ ልጄ። ኔጋቲቭ ላይ ባንድ እያለ ዙር መጨመር ብክለቱን ማርባት ነው። 42 ዲግሪ ላይ ደግሞ ፕራይመሩ የቀረበለት ላይ ሁሉ ይጣበቃል፤ ትሉ ላይ የተለጠፈ ባክቴሪያም ባንድ ይሰጥህና ቅደም ተከተሉ ሲመጣ ራስህን ትይዛለህ።

መጀመሪያ ኔጋቲቩ የቱ እንደሆነ ለይልን። ሁለት ዓይነት ባዶ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከማውጣቱ ጀምሮ ትል ያልገባበት ቱቦ፣ ሌላው ፒሲአሩ ላይ በዲኤንኤ ፋንታ ውሃ የገባበት። የመጀመሪያው ብቻ ከቆሸሸ ቼሌክሱ፣ ፕሮቲኔዙ ወይም መቁረጫህ ነው። ሁለተኛው ከቆሸሸ ግን ውሃው፣ ፕራይመሩ ወይም ማስተር ሚክሱ (የፒሲአሩ ዝግጁ ድብልቅ) ነው። አንድ በአንድ ቀይረህ ፈትን፤ ከውሃው ጀምር፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ለወራት ስንት ፒፔት ይገባበታል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከቀየርክ ግን ጥፋተኛው የቱ እንደነበር ሳታውቅ ትቀራለህ።

ጠረጴዛውን በበረኪና። የሱቁ በረኪና 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ የዕለቱን በዕለቱ በጥብጥ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ጥረገው። ሳይጠረግ ከቀረ ብረቱን ይበላዋል፣ ቅሪቱም የሚቀጥለውን ፒሲአር ይገድላል። የማውጫ ኪት የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ጓኒዲን ጨው ያለበትን ዝቃጭ በረኪና ላይ እንዳትደፉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዋተር ባዙን 95 ላይ አስተካክለኸዋል። አዲስ አበባ እኮ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁጥሩን 95 ብትለውም ውሃው እዚያ አይደርስም፤ ይፍለቀለቃል፣ ይተናል፣ አለቀ። አሠራሩ የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚሠራ ሰው ነው። በደንብ ያልሞተ ፕሮቲኔዝ ኬ ደግሞ ፒሲአሩ ውስጥ ገብቶ ታክ ፖሊመሬዙን (ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም) ይቆረጥመዋል። ባንድህ የጠፋው በከፊል እዚያ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ሂት ብሎክ ተጠቀም፣ ወይም ፒሲአር ማሽኑ ራሱ ላይ 95 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ። ክዳኑ ይጠበቅ፤ ላላ ያለ ክዳን በዚህ ከፍታ ፈሳሹን ያስጨርስሃል።

ወለተ ፔትሪ

ጋሼ ያነሱት ነገር አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ላይም አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የመመሪያው 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው ባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሆነ በ15 ፒኤስአይ የምታገኙት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 18.5 ፒኤስአይ መውጣት አለበት፤ ማሽኑ ያን የማይፈቅድ ከሆነ ጊዜውን አርዝሙ። በሙቀት ዳሳሽ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

አጋሮዝም እንዲሁ። 1.5 ግራም በ100 ሚሊ ቲኤኢ (የጄል ማስኬጃ ፈሳሽ) ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲፈላ ታዩና «ቀለጠ» ትላላችሁ። ፈላ እንጂ አልቀለጠም። ብልቃጡን አወዛውዙ፣ ወደ ብርሃን አንሡ፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነገር እየዋኘ ከሆነ መልሳችሁ አስገቡት። ያልቀለጠ ጄል ባንዱን ያጣምመዋል፤ ከዚያ ሰው ናሙናውን ይወቅሳል።

የቀበና ልጅ

አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እህቴ። የቆሸሸው የፒሲአሩ ባዶ ነው። የማውጣቱን ባዶ አልሠራሁም። 22ቱ ባዶዎች ግን ዲኤንኤ ስለሌላቸው ነው ወይስ የሚከለክል ነገር ስላለ? በምን ይለያል?

ጄል አንባቢ

በአንድ ጄል ይለያል። ባንድ ካልሰጡት 6 ናሙና ምረጥ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቱቦ አዘጋጅ፦ አንደኛው እንደነበረው 2 ማይክሮሊትር፣ ሁለተኛው በ10 እጥፍ የቀጠነ 2 ማይክሮሊትር፣ ሦስተኛው እንደነበረው ሆኖ 1 ማይክሮሊትር የፖዘቲቭህ ዲኤንኤ የተጨመረበት።

ሦስተኛው ባንድ ካልሰጠ ከልካይ አለ፤ ፖዘቲቩን ራሱን አፍኖታል ማለት ነው። የቀጠነው ከሠራ እንግዲህ ፍርዱ ተሰጠ፣ ሁሉንም አቅጥን። ሦስተኛው ሠርቶ ሌሎቹ ዝም ካሉ ደግሞ ወይ ዲኤንኤ የለም፣ ወይ ፕራይመሩ ለዚያ ነፍሳት አይስማማም።

በከተማ ወንዝ ትል ላይ የምጠረጥረው ከልካይ ነው። ሆዱ ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሁሚክ አሲድ ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት የቼሌክስ ፍሬ ነው። ቼሌክስ የሚሠራው ማግኒዥየምን ይዞ ነው፤ አንዲት ፍሬ ከፒፔቱ ጋር ብትገባ የፒሲአሩን ማግኒዥየም ትውጠውና ታክ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ከማፍላቱ በኋላ በከፍተኛ ፍጥነት 3 ደቂቃ አሽከርክር፣ ከላይ 50 ማይክሮሊትር ብቻ ወደ አዲስ ቱቦ አዙር፣ ፒሲአሩን ከዚያ ሥራ። በቼሌክሱ ላይ የተቀመጠ ዲኤንኤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ሳይዞር ከከረመ ዳግም አሽከርክረው።

ድብልቁን እንዲህ ሥራ፣ ለአንድ ቱቦ በማይክሮሊትር፦ ማስተር ሚክስ በ2 እጥፍ ክምችት 12.5፣ እያንዳንዱ ፕራይመር በ10 ማይክሮሞላር 1፣ ቢኤስኤ (ከልካይ የሚይዝ ፕሮቲን) በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ከሆነው 0.5፣ ውሃ 8፣ ዲኤንኤ 2። ድምሩ 25። ቢኤስኤ ርካሽ ነው፣ ሁሚኩንና ፖሊፌኖሉን ይዞ ያስቀምጥልሃል። ለ48 ናሙና፣ ለሁለቱ ባዶና ለፖዘቲቩ 51 ቱቦ ይሆናል፤ በፒፔት ለሚባክነው አስብና ለ56 በጥብጥ፦ 700 ማስተር ሚክስ፣ 56 እና 56 ፕራይመር፣ 28 ቢኤስኤ፣ 448 ውሃ። በየቱቦው 23 አከፋፍል፣ ዲኤንኤው መጨረሻ ይግባ፣ ውሃ የሚገባበት ባዶ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይዘጋ። መጀመሪያ ዘግተኸው ንጹሕ ቢሆን ምንም አልመሰከረልህም።

ፕሮግራሙ፦ 94 ዲግሪ 2 ደቂቃ፤ ከዚያ 5 ዙር 94 ለ30 ሰከንድ፣ 45 ለ40 ሰከንድ፣ 72 ለ1 ደቂቃ፤ ከዚያ 35 ዙር አኒሊንጉ ብቻ 51 ሆኖ፤ መጨረሻ 72 ለ10 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ 5 ዙሮች ፕራይመሩ ትንሽ ባይገጥምም እንዲይዝ ያግዙታል፣ ቀጥሎ ያለው ጥራቱን ይጠብቃል። ጠቅላላው 40 ዙር ስለሆነ ባዶዎቹ ንጹሕ ካልሆኑ አትጀምረው።

ጋሽ ሌንስ

ጄል አንባቢ የጻፈው ትክክል ነው። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ልጨምር፤ ሙሉውን ትል መፍጨት ሁለት ጥፋት አለበት። አንደኛው የሆዱ ነገር ተነግሯል። ሁለተኛው ግን ይብሳል፦ ነገ ቅደም ተከተሉ አጠራጣሪ ሲሆን ተመልሰህ የምታየው እንስሳ የለም። ካይሮኖሚድ የሚለየው በራስ ቅሉና በአፉ ጥርሶች ነው። በንጹሕ ምላጭ ራሱን ቁረጠው፣ አልኮል ውስጥ አስቀምጠውና ኋላ ስላይድ ላይ ይሰካል። ዲኤንኤውን ከሰውነቱ የኋላ ክፍል ውሰድ፣ ሆዱን ከቻልክ አስወግደህ። ሜይፍላይ ከሆነ አንድ እግር ይበቃል። በናሙና መካከል ምላጩን በበረኪና፣ ቀጥሎ በውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል፤ ወይም አዲስ ምላጭ፤ ይሄ ከሁሉም ይረክሳል።

ናሙናውን በምን አልኮል አቆየኸው? ፎርማሊን ከነካው በቃ፣ ዲኤንኤው ተቆራርጦ ተጣብቋል። 96 በመቶ ኤታኖል ይሁን፣ መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 5 እጥፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀየር፤ ከትሉ የሚወጣው ውሃ አልኮሉን ያቀጥነዋልና። ብዙ ሰው 70 በመቶ ያደርጋል፤ ያ ለስላይድ እንጂ ለዲኤንኤ አይሆንም። ቀለም የተጨመረበት የማቀጣጠያ ስፒሪትም አይሆንም። አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ ካቲካላ እንግዳ ለመቀበል ነው፣ ግማሹ ውሃ ነው።

ቁጥሩ በእርሳስ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቱቦው ውስጥ ይግባ። እስክሪብቶና ማርከር በአልኮል ይጠፋሉ።

ቅጠል ለቃሚ

ጣልቃ ልግባና፣ ይኸው አሠራር ለዕፅዋት ይሆናል ወይ ብለው የውስጥ መልእክት የላኩልኝ ስላሉ። አይሆንም። ሲኦአይ በዕፅዋት ውስጥ በጣም በዝግታ ስለሚለወጥ ዝርያ አይለይም። ለዚያ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቁት የክሎሮፕላስት ዘረመሎች፣ አርቢሲኤል እና ማትኬ፣ ናቸው፤ አይቲኤስ2 (ከኒውክለስ ዲኤንኤ የሚወሰድ ቁራጭ) ይታከልበታል። አርቢሲኤል በቀላሉ ይወጣል ግን ብዙ ጊዜ ወገን (ጂነስ) ላይ ይቆማል። ማትኬ የተሻለ ይለያል ግን ፕራይመሩ አንዳንድ ቤተሰብ ላይ እምቢ ይላል። አይቲኤስ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ያለውን ሻጋታ አብሮ ያወጣል፤ ከመርካቶ የተገዛ የተፈጨ መድኃኒት ዕፅ ላይ ይህ ሁልጊዜ ይጠበቃል።

ማውጫው ሲታብ (ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) ነው፦ 2 በመቶ ሲታብ፣ 1.4 ሞላር ጨው፣ 100 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8፣ 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ፒቪፒ (ታኒን የሚይዝ)፣ ሊሠራበት ሲል ቤታ መርካፕቶኤታኖል፣ ጭስ መሳቢያ ስር። 65 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ፣ ክሎሮፎርምና አይሶአሚል 24 ለ1፣ ከላይ ያለውን ብቻ፣ አይሶፕሮፓኖል፣ ሁለት ጊዜ በ70 በመቶ አልኮል ማጠብ። እንደ ኮሶ ታኒን የበዛበት ዕፅ ላይ ዲኤንኤው ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ቡናማ ከሆነ ፒሲአር አትሞክሩ፣ ፒቪፒውን ከፍ አድርጋችሁ እንደገና። ቅጠል ስትሰበስቡ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይድረቅ። አንዱ ቅርንጫፍ ተጨፍልቆ ወደ ሄርባሪየም ይሂድ፤ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ቅርባችሁ ነው።

ሠላሳ አምስት ዙር

እሺ፣ 45ቱን ሰረዝኩ። ስለ መብራት መቋረጥ ግን ማን ነው የሚያወራው? ፕሮግራሙ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ወለተ ፔትሪ

ዩፒኤስ። የኮምፒውተሩ 650 ቪኤ አይበቃም፤ ማሽኑ ሲያሞቅ ከ500 እስከ 900 ዋት ይስባል። ቢያንስ 2 ኪሎ ቪኤ፣ እሱም ማሽኑን ብቻ ይዞ፤ ሴንትሪፊውጁን አብራችሁ አትሰኩ። ማሽኑ መብራት ሲመለስ ራሱ የሚቀጥል ዓይነት ከሆነ የትኛው ዙር ላይ እንደቆመ ይመዘግባል፣ እሱን እዩ። 25ኛ ዙር ካለፈ በኋላ ከቆመ ወዲያው 5 ማይክሮሊትር ጄል ላይ አሂዱ፤ አንዳንዴ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቆሞ ቱቦው ለሰዓት በክፍል ሙቀት ከቆየና ታኩ ሆት ስታርት (እስኪሞቅ የማይሠራ ዓይነት) ካልሆነ፣ ይደፋ። ፕራይመር በውሃ ሳይሟሟ በዱቄት ሲመጣ መብራት አያስፈራውም፤ የሚፈራው ማስተር ሚክሱና ፕሮቲኔዙ ነው። እነሱን በትንንሹ ከፋፍሉ፣ ፍሪዘር ውስጥ በበረዶ ጡብ መሃል አድርጉ።

የቀበና ልጅ

ተመልሻለሁ። ጥፋተኛው ውሃው ነበር፤ በአዲስ ውሃ ባዶዎቹ ንጹሕ ሆኑ። ከ22ቱ ውስጥ በማቅጠንና በቢኤስኤ 15ቱ ባንድ ሰጡ። ከዚያ ቅደም ተከተላቸው በሁለቱም አቅጣጫ ተነበበ፤ ማጽጃው 5 ማይክሮሊትር ምርት ከ2 ማይክሮሊትር ኢንዛይም ጋር፣ 37 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ 80 ዲግሪ 15 ደቂቃ።

አሁን ያለው ችግር ስም ነው። አንዱ ብላስት (ቅደም ተከተልን ከመረጃ ቋት ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም) ላይ መቶ በመቶ ወልባኪያ አለ። ሌላው 99.8 በመቶ ገጠመ ግን የገጠመው «ካይሮኖሚዴ ዝርያው ያልታወቀ» ከሚል ጋር። አንድ ደግሞ 93 በመቶ ላይ ቆመ። ሜይፍላዩ ሦስት የተለያየ ስም ሰጠ፣ ሁሉም 99 ናቸው። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጋሽ ሌንስ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ወልባኪያው የትሉ አይደለም፤ በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ፕራይመሩ እሱንም ይይዘዋል። ያ ናሙና እንደገና ይሠራ፣ በሌላ የሲኦአይ ፕራይመር።

ከብላስት በፊት ግን ቅደም ተከተሉን ተርጉመው። ፕራይመሮቹን ከሁለቱም ጫፍ ቁረጥ፤ የቀረው 658 ፊደል መሆን አለበት። ሲኦአይ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ስለሆነ መሃሉ ላይ የማቆሚያ ምልክት ሊኖር አይችልም። ፕሮግራሙ ላይ 5ኛውን ሰንጠረዥ ምረጥ፣ የኢንቨርቴብሬት ማይቶኮንድሪያ የሚለውን። መደበኛውን 1ኛ ሰንጠረዥ ከተውከው ቲጂኤ ሁሉ ማቆሚያ መስሎ ይታይህና ጤነኛውን ናሙና ትጥላለህ። ለዓሣና ለእንቁራሪት 2ኛው ነው። በትክክለኛው ሰንጠረዥም ማቆሚያ ካለ፣ ወይም በሦስት የማይካፈል ፊደል ጎድሎ ወይም ተርፎ ከተገኘ፣ ወይ ንባቡን አሳስተሃል ወይ ኑምት ይዘሃል፤ ማለትም ድሮ ከማይቶኮንድሪያ ወደ ኒውክለስ የተቀዳ የሞተ ቅጂ። መጀመሪያ የንባቡን ግራፍ ተመልከት። ከመነሻው ጀምሮ ሁለት ሁለት ጫፍ ከተደራረበ ሁለት እንስሳ ወይም ሁለት ቅጂ አለ። ንጹሕ ሄዶ ከረዥም የቲ ረድፍ በኋላ ከተዘበራረቀ ፖሊመሬዙ ተንሸራቶ ነው፤ በሌላው አቅጣጫ የተነበበው ያድንሃል።

99.8 በመቶው ላይ፦ መግጠሙ እውነት ነው፣ ስሙ ግን የለም። የደጋችን ካይሮኖሚዶች ብዙዎቹ ቋት ውስጥ በስም አልገቡም። ቦልድ (የባርኮድ መረጃ ቋት) ላይ አስገባና የትኛው ቢን ውስጥ እንደሚመድበው እይ። ቢን በቅርበታቸው የተቧደኑ ቅደም ተከተሎች ቁጥር ነው፤ ስም ባይኖርህም ቁጥሩን ይዘህ ከላይኛው ቀበናና ከታችኛው የተያዘው አንድ መሆኑን ትናገራለህ። ለወንዝ ጥራት ሥራ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል።

93 በመቶውን ዝርያ ብለህ እንዳትጽፍ። በነፍሳት ላይ 2 ወይም 3 በመቶ ልዩነት እንደ ድንበር ይያዛል፣ ግን ሕግ አይደለም፤ አንዱ ወገን ውስጥ በ1 በመቶ የሚለያዩ ሁለት ዝርያዎች አሉ፣ ሌላው ውስጥ አንዱ ዝርያ ራሱ 5 በመቶ ይለያያል። እስከ ቤተሰብ ወይም ወገን ብቻ ጻፍ፣ ያውም የራስ ቅሉን አይተህ። ደግሞ ከመቶኛው አጠገብ የተሸፈነውን ርዝመት አንብብ። በ200 ፊደል ላይ 99 በመቶና በ658 ላይ 99 በመቶ አንድ አይደሉም።

ሦስት ስም የሰጠው ሜይፍላይ ላይ፦ ጄንባንክ (ብላስት የሚያነጻጽርበት ክፍት ቋት) ማንም ያስገባውን ይቀበላል፣ የተሳሳተ ስም ሞልቶበታል። እያንዳንዱን መዝገብ ክፈት፦ ናሙናው የት ሙዚየም ነው? ማን ለየው? ከየት አገር? መልስ የሌለውን ቀንስ። ከዚያም ሦስቱ ስም ከቀሩ፣ ከሦስቱ አንዱ ተሳስቷል ወይ ሲኦአይ አይለያቸውም።

የማይለይበት ጊዜ አለና። የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች፣ ላቤዮባርበሶቹ፣ 15 ያህል ዝርያ ናቸው፤ በአፋቸው፣ በራሳቸው ቅርፅና በሚበሉት ይለያሉ። ማይቶኮንድሪያቸው ግን የተለያየው በቅርቡ ስለሆነ እርስ በርሱ የተቀላቀለ ነው። እዚያ ባርኮድ አምጣና ስም ስጠኝ ብትለው «ነጭ ዓሣ ነው» ይልሃል፤ ያንን ዓሣ አጥማጁም ነግሮህ ነበር።

ሠርቶ ያየነውም አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የእስያ የወባ ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ስትያዝ በመልኳ ብቻ ቢሆን ከአገሬው ትንኝ ጋር ተደባልቃ ታልፍ ነበር፤ ማንነቷን ያጸናው ሲኦአይና አይቲኤስ2 ከመልኳ ጋር ተደምረው ነው። ሁለት ዘረመልና አንድ ዐይን። አንተም እንደዚያ አድርግ።

ዓሣ በል

ስለ ዓሣ ከተነሣ፣ ፒያሳ የሚሸጠው ፊሌቶ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ በዚህ ይታወቃል?

ጄል አንባቢ

እነዚያ ሁለቱ በደንብ ይለያያሉ፣ ቤተሰባቸውም የተለያየ ነው። የፎልመሩ ፕራይመር ዓሣ ላይ ይዳከማል፤ ለዓሣ የተሠራውን የፊሽ ኤፍ1 እና አር1 ጥንድ ተጠቀም። ሥጋውን ከውስጥ ቁረጥ፣ የሩዝ ቅንጣት ታህል ይበቃል፤ ላዩን የነካው ቢላዋ ስንት ዓሣ ቆርጧል። የተጠበሰ ከሆነ ዲኤንኤው ስለተሰባበረ 658 አይወጣም፤ ከ100 እስከ 200 ፊደል የሚያወጣ አጭር ባርኮድ ያስፈልጋል።

ሠላሳ አምስት ዙር

ይህ ሁሉ ትል መቁረጥ ከሚሆን ውሃውን አጣርቶ ዲኤንኤውን በጅምላ ማንበብ አይሻልም? ከቡልቡላ እስከ ባንቲ ይቀጡ በአንድ ቀን ይጨረሳል።

ወለተ ፔትሪ

ይቻላል፣ ግን ሌላ ጥያቄ ይመልሳል። ከከተማ ወንዝ ውሃ የሚወጣው የመጀመሪያው ስም ላም ነው። ቀጥሎ ዶሮ፣ በግ፣ ሰው። ከምግብ ቤት የተደፋ የቆሮሶ እጣቢ «በዚህ ወንዝ ቆሮሶ ይኖራል» የሚል ውጤት ይሰጥሻል፤ ዲኤንኤው እንስሳው እዚያ ይኑር፣ ታጥቦ ይውረድ አይናገርም። ብዛትም አይነግርሽም።

ከወሰናችሁ ግን፦ ማጣሪያው 0.45 ማይክሮሜትር የተዘጋ ዓይነት፣ በ60 ሚሊ ስሪንጅ እየገፉ። በቫክዩም ፓምፕ መሳብ እዚህ ይዘገያል፤ ፓምፑ ከአየሩ ግፊት በላይ መሳብ አይችልም፣ የእኛ አየር ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። መግፋት ይሻላል። በክረምት ውሃው ጭቃ ስለሆነ 200 ሚሊ ሳይሞላ ሊደፈን ይችላል፤ በ5 ማይክሮሜትር አስቀድሙ፣ ሁለቱንም ማጣሪያ አስቀምጡ። ከየቦታው ሦስት ሦስት ድግግሞሽ። አንድ ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ከቤት ይዛችሁ ወጥታችሁ ወንዙ ዳር አጣሩት፣ የመስክ ባዶ እሱ ነው። ከታች ወደ ላይ እየወጣችሁ ቅዱ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የነካካችሁት ወደ ታችኛው ናሙና ይወርዳል። ለነፍሳት 313 ፊደል የሚያወጣው የሌሬ ፕራይመር፣ ለዓሣ የማይፊሽ 12ኤስ።

እህቴ ይሁን ወንድሜ ሳላውቅ በአንቺ ጽፌያለሁ፣ ይቅርታ።

ሠላሳ አምስት ዙር

ወንድምሽ ነኝ፣ ችግር የለም። በናኖፖር (ዲኤንኤውን በጥቃቅን ቀዳዳ አሳልፎ በሚያነብ ትንሽ ማሽን) እዚሁ ቢነበብስ?

ጄል አንባቢ

ለ48 ናሙና ሳንገር (ናሙናውን አንድ በአንድ የሚያነበው ዘዴ) ይበቃል፤ ወደ 200 ሲጠጋ ናኖፖር ያዋጣል። ለየናሙናው 13 ፊደል መለያ ጅራት ያለው ፕራይመር ይታዘዛል፣ ምርቱ ሁሉ በአንድ ቱቦ ይቀላቀላል፣ ፍሎንግል በምትባለው ትንሿ ፍሎ ሴል (ቀዳዳዎቹ ያሉበት የማንበቢያ ክፍል) ላይ ይነበባል። ያለው ወጥመድ ፍሎ ሴሉ ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ ዕድሜው የሳምንታት ነው፣ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ከሞቀ ቀዳዳዎቹ ይሞታሉ። ሲደርስ በዚያው ቀን የቀዳዳ ቁጥሩን ፈትሽ፤ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው።

አወያይ

ወደ ውጭ ለምትልኩ ሁሉ፦ በጄኔቲክ ሀብት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ያለ ኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «ትሉ አይደለም፣ ጥቂት ማይክሮሊትር ዲኤንኤ ነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ፈቃዱን ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት ጀምሩት፣ ቁጥሩንም በየመዝገባችሁ ላይ ጻፉት። አልኮል ያለበት ጥቅል ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር መንገድ ላይ ሌላ ሥርዓት አለው፤ የሚላከው የፒሲአር ምርት ከሆነ በፕሌቱ ላይ አድርቃችሁ ብትልኩት ይቀላል።

የቀበና ልጅ

ገብቶኛል። ራሶቹ ግን ተፈጭተዋል፣ ከ48ቱ የቀረ ምስክር የለም። ከዚያው ቦታ አዲስ ልሰበስብ ነው፤ የላኩት ቅደም ተከተል ይጣል?

ጋሽ ሌንስ

አይጣል። ቦልድ ላይ ስታስገባ ናሙናው እንደጠፋ በግልጽ ጻፍ፣ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ቀኑን፣ የሰበሰበውን ሰው አስፍር። ከ500 ፊደል በላይ ከሆነ፣ ያልተለየው ፊደል ከ1 በመቶ ካነሰና የሁለቱ አቅጣጫ ግራፍ ካለ ለራስህ ማነጻጸሪያ ይሆናል። አዲሶቹን ስትይዝ ፎቶ አንሣቸው በሕይወት እያሉ፤ ቀዩ ቀለም ሄሞግሎቢን ነው፣ አልኮል ውስጥ ይጠፋል። ራሶቹ ስላይድ ላይ ከተሰኩ በኋላ አራት ኪሎ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ጠይቅና መዝገብ ቁጥር ይስጡህ።

የቀበና ልጅ

እሺ ጋሼ። የመጨረሻ አንድ፦ ቼሌክሱ ሲከፋፈል ፍሬው ወደ ታች እየወረደ መጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ብዙ፣ ኋለኞቹ ምንም አይደርሳቸውም።

ጄል አንባቢ

ማግኔቲክ ማማሰያ ላይ አድርገው፣ እየተሽከረከረ ቅዳ። የ1,000 ማይክሮሊትሩን ቲፕ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ቁረጠው፣ ቀዳዳው ለፍሬው ይስፋ። ማማሰያ ከሌለ በየ3 ቱቦው ብልቃጡን አወዛውዝ።